ከማህፀን ቀዶ ሕክምና በኋላ የትኛው የነርቭ ብሎክ ይሻላል?

በቀዶ ሕክምናው ዋዜማ ታካሚዎችን ሳነጋግር ሁለት ጥያቄዎች አይቀሩም። አንደኛው «ከሰመመኑ እነቃለሁ?» የሚለው ነው። ሁለተኛው ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ይመጣል፦ «ከነቃሁ በኋላስ?» የመጀመሪያውን በሁለት ዓረፍተ ነገር መመለስ ይቻላል። ሁለተኛው ግን ምርጫ ያለበት ጥያቄ ነው፤ ምርጫውም ከዓመት ዓመት እየሰፋ ሄዷል። ድሮ ማህፀኗ ለወጣ ወይም ማዮማ (ካንሰር ያልሆነ የማህፀን ዕጢ) ለተነቀለላት ሴት የነበረው መልስ በየጥቂት ሰዓቱ ሞርፊን ወይም ፔቲዲን መውጋት፣ ባለሙያ ከተገኘም ኤፒዱራል፣ ማለትም በጀርባ በኩል ወደ አከርካሪ አጠገብ ማደንዘዣ የሚያፈስ ቀጭን ቱቦ፣ ማስገባት ነበር። አሁን በሆድ ጎን፣ በጀርባ፣ በእምብርት ዙሪያና በዳሌ ወለል የሚሰጡ የብሎክ ዓይነቶች ተደርድረው ታካሚዋን ቀርቶ ባለሙያውንም ያደናግራሉ።

ብሎክ ማለት ማደንዘዣ መድኃኒትን ነርቩ በሚያልፍበት ቦታ አፍስሶ የሕመሙ መልእክት ወደ አንጎል እንዳይደርስ ለተወሰኑ ሰዓታት ማገድ ነው። መድኃኒቱ ሲያልቅ ነርቩ ሥራውን ይቀጥላል። ጥቅሙም ሕመምን መቀነስ ብቻ አይደለም። ሞርፊንና የእርሱ ዘመዶች ያቅለሸልሻሉ፣ እንቅልፍ ይጭናሉ፣ ሆድ ያደርቃሉ። ሴት መሆን ደግሞ ራሱ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የማቅለሽለሽን ዕድል ከሚጨምሩ ነገሮች አንዱ ነው። ገና የተሰፋ ሆድ ይዞ ማስመለስ ምን እንደሚመስል የደረሰባት ታውቀዋለች።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ምርጫው ከብሎኩ ስም መጀመር የለበትም። መጀመር ያለበት ከስፌቱ ነው፦ የት ተቀደደ? ምን ያህል ረዘመ? ከውስጥስ ምን ተነካ? ለእነዚህ መልስ ሳይሰጥ «አዲሱን ብሎክ እንሥራላት» ማለት አድራሻ ሳይጽፉ ደብዳቤ እንደ መላክ ነው።

ሁለት ሕመሞች፣ ሁለት መንገዶች

የሆድ ግድግዳ የምንለው ቆዳውን፣ ስቡን፣ ጡንቻውንና ከጡንቻው ሥር ያለውን ስስ ሽፋን ነው። ይህን ክፍል የሚያገለግሉት የታችኛዎቹ የደረት ነርቮች እስከ 12ኛው ድረስና የመጀመሪያው የወገብ ነርቭ ናቸው። ከአከርካሪ ተነስተው በጎን በኩል ወደ ፊት ይዞራሉ፤ ከመንገዳቸው ብዙውን የሚጓዙትም በሁለት ጡንቻዎች መካከል ተሸጉጠው ነው። እምብርት የ10ኛው የደረት ነርቭ ድርሻ ነው። ከብልት ፀጉር መስመር ከፍ ብሎ አግድም የሚቀደደው ቦታ ደግሞ በአብዛኛው የ12ኛው የደረት ነርቭና የመጀመሪያው የወገብ ነርቭ ድርሻ ነው። ከዚህ የሚመጣው ሕመም ስለት አለው፤ ታካሚዋ በጣቷ ልታሳየው ትችላለች። ስታስል፣ ስትስቅ፣ ከአልጋ ለመነሳት ስትሞክር ይብስባታል።

ሁለተኛው ሕመም ከውስጥ ይመጣል። የማህፀኑ አካል ስሜቱን የሚልከው ከ10ኛው የደረት ነርቭ እስከ መጀመሪያው የወገብ ነርቭ ባለው የአከርካሪ ክፍል በሚገቡ ሌሎች ነርቮች በኩል ነው። የማህፀን በርና የብልት የላይኛው ክፍል ደግሞ ከ2ኛ እስከ 4ኛ ያሉትን የሳክራል (ከወገብ በታች ካለው የአከርካሪ ክፍል የሚወጡ) ነርቮች ይጠቀማሉ። ይህ ሕመም ደብዘዝ ያለ፣ የወር አበባ ቁርጠትን የሚመስል፣ ወደ ወገብ የሚሰራጭ ነው። «የቱ ጋ ነው?» ሲሏት በጣት አታሳይም፤ መዳፏን በሆዷ ላይ ታሳርፋለች።

በሆድ ግድግዳ ላይ የሚሰጡ ብሎኮች ይህን ሁለተኛውን ሕመም አይነኩትም። አስቀድሞ ይህ ያልተነገራት ታካሚ «ብሎኩ አልሠራም» ብላ ታዝናለች፤ ብሎኩ ግን ሥራውን ሠርቷል፣ ያመማት ሌላው ነው። ለቁርጠቱ ከመርፌ ይልቅ እንደ ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎች ይሻላሉ፤ ኩላሊቷ ደህና ከሆነ፣ የጨጓራ ቁስለት ከሌለባትና ደም የመፍሰስ ስጋት ከሌለ። ከፓራሲታሞል ጋር በየሰዓታቸው ሲሰጡ የሚሠሩትን ሥራ ብዙ ሰው ዝቅ አድርጎ ያየዋል። እኔ ብሎክ ሠርቼ ፓራሲታሞል ከማስረሳ፣ ብሎኩ ቀርቶ ፓራሲታሞሉ በሰዓቱ ቢሰጥ እመርጣለሁ።

አግድም ስፌት ከሆነ

ማህፀን ለማውጣትም ሆነ ማዮማ ለመንቀል በብዛት የሚሠራው ጀርመናዊው የማህፀን ሐኪም ሄርማን ፋነንስቲል እ.ኤ.አ. በ1900 ያስተዋወቀው፣ ከታች አግድም የሚቀደድ ስፌት ነው። ለእርሱ በመጀመሪያ የሚታሰበው በተለምዶ ታፕ ብሎክ የሚባለው ነው። መድኃኒቱ የሚፈሰው ከሦስቱ የሆድ ጎን ጡንቻዎች በመካከለኛውና በውስጠኛው መካከል ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 መጀመሪያ ሲገለጽ መርፌው የጡንቻ ሽፋን ሲበሳ በእጅ በሚሰማ ስሜት ብቻ የሚሠራ ነበር፤ አልትራሳውንድ ከተጨመረበት ከ2007 ወዲህ ግን ዓይን አገኘ።

እንዴት እንደሚሠራ በቅርበት ላሳይ። ቀዶ ሐኪሙ ስፌቱን ሸፍኖ ጓንቱን ሲያወልቅ የእኛ ሥራ ይጀምራል፤ ታካሚዋ ገና ሰመመን ውስጥ ናት። የአልትራሳውንዱን ጫፍ ከጎድን አጥንት ማብቂያና ከዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል፣ ከብብት ወደ ታች በሚወርደው መስመር ላይ አግድም አሳርፋለሁ። በስክሪኑ ላይ ሦስት ግራጫ ንጣፎች በነጭ መስመሮች ተለያይተው ይታያሉ። ከሥራቸው የሚርመሰመሰው አንጀት ነው፤ መርፌው ፈጽሞ እዚያ መድረስ የለበትም። መርፌው ከጎን ገብቶ በሁለተኛውና በሦስተኛው ንጣፍ መካከል ያለውን ነጭ መስመር ሲነካ አንድ ሚሊ ሊትር የጨው ውሃ እሰዳለሁ። ቦታው ትክክል ከሆነ መስመሩ ለሁለት ይከፈልና መካከሉ ላይ እንደ ተገለጠ ዓይን ያለ ጥቁር ቅርጽ ይወጣል። ያበጠው ጡንቻው ራሱ ከሆነ መርፌው ቦታውን ስቷል፤ መልሼ አስተካክላለሁ። ከዚያ መድኃኒቱን በየ5 ሚሊ ሊትሩ ወደ ኋላ እየሳብኩና ደም አለመምጣቱን እያየሁ እሰጣለሁ። በአንድ ጎን ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ከዚያ ወደ ሌላው ጎን። ሁለቱንም ለመጨረስ የለመደ እጅ ከሩብ ሰዓት በላይ አይፈጅበትም።

አንድ ጊዜ የተወጋ ታፕ ብሎክ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ያገለግላል፤ አንዳንዴ ከዚያም ይቆያል። የመጀመሪያዎቹ ጥናቶች ሲወጡ ብዙዎቻችን መፍትሔው ተገኘ ብለን ነበር። በኋላ የመጡት ግን ውጤቱን አደበላልቀውታል፦ በአንዳንዱ የሞርፊን ፍላጎት በግልጽ ይቀንሳል፣ በአንዳንዱ ልዩነቱ እምብዛም ነው። አንዱ ምክንያት ከላይ ያልኩት የውስጥ ሕመም ነው። ሌላው ብሎኩ ከምን ጋር እንደተነጻጸረ ነው። ፓራሲታሞልም ዳይክሎፌናክም ካልተሰጣት ሴት ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ይመስላል፤ ሁሉም በአግባቡ ከተሰጣት ጋር ሲነጻጸር ያንሳል።

ከታፕ ብሎክ ጠበብ ያለው ምርጫ ለአግድም ስፌት ዋና የሆኑትን ከመጀመሪያው የወገብ ነርቭ የሚወጡ ሁለት ቅርንጫፎች ብቻ ማደንዘዝ ነው። ከዳሌ አጥንት ጫፍ አጠገብ በትንሽ መድኃኒት ይሠራል፤ ስፌቱ አጭርና ዝቅ ያለ ከሆነ በቂ ነው። ሁለቱም ብሎኮች አንድ የጋራ ነገር አላቸው፦ መድኃኒቱ ወደ ታች ካመለጠ የጭኑን ነርቭ ሊያደነዝዝና ጉልበት ሊያስከዳ ይችላል። የሚያስፈራ አይደለም፤ በሰዓታት ውስጥ ይለቃል። ነገር ግን ታካሚዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአልጋ ስትወርድ ሰው ይደግፋት። ሌሊት ብቻዋን ወደ መጸዳጃ ቤት ስትሄድ ጉልበቷ ታጥፎ የወደቀች ሴት ብሎኩን በመልካም አታስታውሰውም።

አሁን ደግሞ ዝና ያለው ኳድራተስ ላምቦረም ብሎክ ነው። መርፌው ከታፕ ብሎክ ወደ ኋላ፣ ወደ ወገብ ጡንቻ ይጠጋል። እ.ኤ.አ. በ2007 ከተገለጸ ወዲህ የጎን፣ የኋላና የፊት የሚባሉ ሦስት መንገዶች ወጥተውለታል። ሐሳቡ ማራኪ ነው፦ መድኃኒቱ በጡንቻው ሽፋን ሥር ተንሸራትቶ ወደ አከርካሪ አጠገብ ከደረሰ ከግድግዳው አልፎ የውስጡንም ሕመም ሊነካ ይችላል። «ሊነካ ይችላል» የሚለውን ልብ ይበሉ። በአንዷ ላይ ይደርሳል፣ በሌላዋ ላይ አይደርስም፤ የትኛዋ ላይ እንደሚደርስ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። ከዚያም በላይ ጥልቅ ነው፤ ኩላሊትና ትልልቅ ደም ሥሮች ቅርብ ናቸው። በተለይ በፊት መንገድ ሲሠራ የእግር ድክመት ከታፕ ብሎክ ይልቅ ያጋጥማል። ልምድ ባለው እጅ ጥሩ ምርጫ ነው። ልምድ በሌለው እጅ ግን በደንብ የተሠራ ታፕ ብሎክ ይበልጠዋል፤ በዚህ ላይ አልከራከርም።

ከሁሉም የሚናቀው ደግሞ ቀዶ ሐኪሙ ራሱ ስፌቱን ከመዝጋቱ በፊት በቁስሉ ዳርና ዳር የሚወጋው ማደንዘዣ ነው። አልትራሳውንድ አይፈልግም፣ ተጨማሪ ባለሙያ አይፈልግም፣ ጊዜ አይፈጅም። ዕድሜው አጭር ነው፤ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሰዓታት ያልቃል። ነገር ግን ከቆዳው ሥር ብቻ ሳይሆን ከጡንቻው ሽፋን ሥርም በአግባቡ ሲሰጥ ከታፕ ብሎክ ጋር የሚቀራረብበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ቀጭን ቱቦ በቁስሉ ውስጥ ተትቶ መድኃኒቱ ለሁለትና ለሦስት ቀን እንዲንጠባጠብ ማድረግም ይቻላል። የብሎክ ባለሙያ በሌለበት ቦታ «ብሎክ የለም» ብሎ እጅን ማጣጠፍ ስለዚህ ሰበብ አይሆንም።

ታካሚዋ በስፓይናል፣ ማለትም ወደ አከርካሪ ፈሳሽ በሚወጋ ማደንዘዣ፣ የምትሠራ ከሆነ ሌላ በር ይከፈታል። ከማደንዘዣው ጋር እጅግ ትንሽ ሞርፊን፣ ከ100 እስከ 150 ማይክሮ ግራም፣ ወደ አከርካሪ ፈሳሽ ይጨመራል። በሚሊ ግራም ሲቆጠር ከአንድ አምስተኛ በታች ነው፤ ሥራው ግን ከ18 እስከ 24 ሰዓት ይቆያል። ግድግዳውንም ውስጡንም ስለሚሸፍን ለሆድ ክፍት ቀዶ ሕክምና ከብዙ ብሎኮች የሚመረጥ ነው። ይህን ላገኘች ሴት ታፕ ብሎክ መጨመር ብዙ ለውጥ እንደማያመጣ በወሊድ ቀዶ ሕክምና ላይ በተደጋጋሚ ታይቷል። ዋጋውም አለው፦ ፊትንና አፍንጫን ያሳክካል፣ ያቅለሸልሻል፣ ሽንት ያግዳል። አልፎ አልፎ ደግሞ ከብዙ ሰዓታት በኋላ አተነፋፈስን ሊያዘገይ ይችላል። ስለዚህ የታካሚዋን አተነፋፈስና ንቃት ሌሊቱን ሙሉ በየሰዓቱ የሚያይ ነርስ ከሌለ አይሰጥም። ሞርፊኑም ማቆያ ኬሚካል የሌለበት መሆን አለበት፤ ለክንድ የተዘጋጀ ማንኛውም አምፑል ለአከርካሪ አይሆንም።

ከእምብርት ሽቅብ የሚወጣ ስፌት

ትልቅ ዕጢ፣ የእንቁልጢ ካንሰር፣ ቀድሞ ብዙ ጊዜ የተከፈተ ሆድ ሲያጋጥም ስፌቱ ቁልቁል ይሆናል፤ አንዳንዴም ከብልት አጥንት ተነስቶ እምብርትን አልፎ ይሄዳል። እዚህ ላይ ታፕ ብሎክ ብቻውን አይደርስም። በጎን በኩል የሚሰጠው ታፕ ብሎክ በደንብ የሚይዘው ከእምብርት በታች ያለውን ነው፤ ለላይኛው ክፍል ከጎድን አጥንት ሥር ሌላ መርፌ ያስፈልጋል። በአንድ ሆድ ላይ አራት መርፌ ማለት ነው።

እምብርት አካባቢ ለሚቆም ስፌት በሆድ መሐል ባሉት ሁለት ቀጥ ያሉ ጡንቻዎች ኪስ ውስጥ የሚሰጥ ብሎክ አለ፤ ሬክተስ ሺዝ ብሎክ ይባላል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፣ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ይታወቃል። ነርቮቹ ወደ መሐል ደርሰው ቆዳ ከመድረሳቸው በፊት ይይዛቸዋል። ቀዶ ሐኪሙ ሆድ ከመዝጋቱ በፊት በሁለቱም በኩል ቱቦ ሊያስገባበት መቻሉ ደግሞ ሌላ ጥቅም ነው። ጠላቱ ከጡንቻው ኋላ የሚሄደው የደም ሥር ነው፤ መርፌው ሊነካው ይችላል።

ስፌቱ ከእምብርት በላይ ርቆ ከሄደ ግን ኤፒዱራል አሁንም ከዙፋኑ አልወረደም። ቱቦው በታችኛው የደረት አከርካሪ ደረጃ ይገባል፤ ቀጠን ያለ ማደንዘዣ ከትንሽ ፌንታኒል (የሞርፊን ዘመድ) ጋር ለሁለትና ለሦስት ቀን ይፈስበታል። ግድግዳውንም ውስጡንም ይሸፍናል፣ መጠኑን ከፍና ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ታዲያ ለምን ለሁሉም አይሰጥም? ደም ግፊት ያወርዳል። እግር ሊያደክም ይችላል። ከአልጋ መነሳትን ያዘገያል። ቱቦው ቦታውን ይስታል ወይም በአንድ ጎን ብቻ ይሠራል፤ ያኔ ታካሚዋ ከሁለት ያጣች ትሆናለች። ከሁሉም በላይ ሌት ተቀን የሚከታተለው ሰው ይፈልጋል። እኔ ሁልጊዜ የምጠይቀው «ኤፒዱራል ማስገባት እንችላለን?» ብዬ አይደለም፤ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ግፊቷ ቢወርድ ማን ያየዋል?» ብዬ ነው። ለሁለተኛው መልስ ከሌለ የመጀመሪያው ከንቱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተገለጸው ኢሬክተር ስፓይኒ ብሎክ እዚህ መሐል ይገባል። መርፌው ከጀርባ ጡንቻ ሥር፣ በአከርካሪ አጥንቱ የጎን ክንፍ ላይ ያርፋል። አጥንቱ እንደ ጋሻ ስለሚያቆመው ለመሥራት ቀላልና በአንጻሩ አስተማማኝ ነው፤ ሥርጭቱ ግን ከሰው ሰው ይለያያል። ኤፒዱራል ላልተፈቀደላት ሴት ከምንም ይሻላል እላለሁ፤ ኤፒዱራልን ተካ ግን አልልም።

በካሜራ የሚሠራ ከሆነ

ላፓሮስኮፒ አጭር ምዕራፍ ነው። ቀዳዳዎቹ ትንንሽ ናቸው፤ በእያንዳንዳቸው ላይ ማደንዘዣ መውጋት፣ ፓራሲታሞል፣ ኢቡፕሮፌንና ሰመመኑ ሲጀመር በደም ሥር የሚሰጥ ዴክሳሜታዞን አብዛኛውን ሥራ ይሠራሉ። ዴክሳሜታዞኑ ማቅለሽለሽንም ይቀንሳል፤ የስኳር ሕመም ካለባት ግን ስኳሯ በቀጣዩ ቀን ይታይ። ታፕ ብሎክ ከዚህ በላይ የሚጨምረው ጥቂት ነው፤ ማህፀኑን ለማውጣት አንዱ ቀዳዳ ከሰፋ ብቻ ሐሳቤን እቀይራለሁ።

ከላፓሮስኮፒ በኋላ ብዙ ሴቶችን የሚያስደነግጠው የትከሻ ሕመም ነው። «ሆዴን ተሠርቼ ትከሻዬ ለምን?» ይላሉ። ሆድን ለመንፋት የገባው ጋዝ ዲያፍራሙን (ደረትንና ሆድን የሚለየውን የመተንፈሻ ጡንቻ) ያስቆጣዋል፤ የዲያፍራሙ ነርቭ ደግሞ የሚነሳው ከአንገት ነው፤ አንጎልም ከትከሻ የመጣ ይመስለዋል። በሆድ ላይ የሚሰጥ የትኛውም ብሎክ አይደርስበትም። ቀዶ ሐኪሙ ከመጨረሱ በፊት ጋዙን በትዕግሥት ማስወጣቱ ከማንኛውም መርፌ ይበልጣል።

በብልት በኩል ሲሠራ

ሆድ ሳይከፈት ማህፀን ሲወጣ ወይም የወረደ የዳሌ ወለል ሲጠገን የሆድ ግድግዳ ብሎክ ትርጉም የለውም፤ የተነካው ግድግዳ የለምና። እዚህ ሁለት ምርጫ አለ። የመጀመሪያው በማህፀን በር ዙሪያ የሚወጋው ፓራሰርቪካል ብሎክ ነው፤ ከማህፀን በርና ከማህፀኑ የታችኛው ክፍል የሚመጣውን ይይዛል። በቀዶ ሐኪሙ እጅ፣ ከመቀደዱ በፊት፣ በሁለት ደቂቃ ይሠራል። አካባቢው ደም ሥር የሞላበት ስለሆነ መድኃኒቱ ቶሎ ወደ ደም ይገባል፤ ስለዚህ በዝግታና ወደ ኋላ እየሳቡ።

ሁለተኛው ፑደንዳል ብሎክ ነው። ነርቩ ከዳሌ ውስጥ በጣት ከሚዳሰሰው የአጥንት ሹል ጫፍ አጠገብ ያልፋል፤ ከጎኑ ደም ሥር አለ። የብልቱን የታችኛ ክፍልና በብልትና በፊንጢጣ መካከል ያለውን ቦታ ያደነዝዛል፤ ማህፀንን ግን አያውቀውም። ለታችኛው ክፍል ጥገና ትርጉም አለው፤ ማህፀን ለወጣላት ሴት ብቻውን አይበቃም። በዚህ ዓይነት ቀዶ ሕክምና ስፓይናል ከተመረጠ ከላይ ያነሳሁት ትንሽ ሞርፊን እዚህም ይሠራል።

ሁለቱ መርፌዎች ሲጋጩ

አሁን ወደምፈራው ነገር ልምጣ። 50 ኪሎ የምትመዝን ሴት ሁለት ጎን ታፕ ብሎክ ተሠራላት እንበል። ለብሎክ ለምንጠቀምበት ማደንዘዣ፣ ለቡፒቫኬይን፣ ብዙዎቻችን የምንጠብቀው ጣሪያ በኪሎ 2 ሚሊ ግራም ነው፤ ለእርሷ 100 ሚሊ ግራም ማለት ነው። የ0.5 በመቶ አንድ 20 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ልክ 100 ሚሊ ግራም ይይዛል። በ20 ሚሊ ሊትር የጨው ውሃ አቅጥነን 40 ሚሊ ሊትር አደረግነው፤ በየጎኑ 20። አበቃ፤ ጣሪያው ላይ ደርሰናል።

ግን ከግማሽ ሰዓት በፊት ቀዶ ሐኪሙ በስፌቱ ላይ 20 ሚሊ ሊትር የ0.25 በመቶ ወግቷል። እርሱ እንደ ልማዱ ነው ያደረገው፤ እኔ ደግሞ መዝገብ ላይ እየጻፍኩ አላየሁትም። 50 ሚሊ ግራም ተጨመረ፤ አሁን በኪሎ 3 ሚሊ ግራም ሆነ። ሁለታችንም ትክክል የሠራን መስሎናል፤ ድምሩ ግን ስህተት ነው። ሰውነቷ ከባድ የሆነች ሴት ላይ ደግሞ የሚቆጠረው የሚዛኑ ቁጥር ሳይሆን ለቁመቷ የሚገባው ክብደት ነው፤ ይህም በብዙ ቦታ ይረሳል።

መጠኑ ሲያልፍ የነቃች ታካሚ በአፏ የብረት ጣዕም፣ በከንፈሯ ዙሪያ መደንዘዝ፣ በጆሮዋ ጩኸት ይሰማታል፤ ከዚያ መንቀጥቀጥና የልብ ምት መዛባት ሊከተል ይችላል። በሰመመን ያለች ግን ምንም አትናገርም፤ የምትናገረው በልብ መከታተያው ነው። የዚህ መመረዝ ማርከሻው 20 በመቶ የስብ ፈሳሽ ነው፤ በኪሎ 1.5 ሚሊ ሊትር በደም ሥር ይጀመራል። ብሎክ የሚሠራ ክፍል ይህ ፈሳሽ የት እንደተቀመጠ ካላወቀ ብሎክ አይሥራ። ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ እጅግ ቀላል ነው፦ መርፌ ከመያዝ በፊት ጮክ ብሎ «እስካሁን ስንት ተሰጥቷል?» ብሎ መጠየቅ።

ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስድ

የካንሰር ቀዶ ሕክምና ያላት ሴት ደም እንዳይረጋ ኢኖክሳፓሪን የመሰለ መርፌ ትወጋለች። ለእርሷ ብሎኮቹ በሁለት ይከፈላሉ። ታፕ ብሎክ፣ ሬክተስ ሺዝ ብሎክና በስፌት ላይ የሚወጋው ላይ ላዩን ስለሆኑ ደም ቢፈስ በእጅ ሊጫኑት ይቻላል። ስፓይናል፣ ኤፒዱራልና ጥልቁ ኳድራተስ ላምቦረም ብሎክ ግን አይጫኑም። በአከርካሪ ውስጥ የሚጠራቀም ደም ብርቅ ነው፤ ሲመጣ ግን እግርን ሽባ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ ደም እንዳይረጋ ለመከላከል ከሚሰጠው መጠን በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ የረጋን ደም ለማከም ከሚሰጠው ከፍ ያለ መጠን በኋላ 24 ሰዓት ይጠበቃል። ኤፒዱራሉ ሲወጣም እንደ ሲገባው ሰዓት ይቆጠራል፤ ብዙ ሰው የሚረሳው የመውጫውን ነው። አስፒሪን ብቻዋን ግን አብዛኛውን ጊዜ አታግድም። በመርፌው ቦታ ላይ የቆዳ ቁስል ወይም ኢንፌክሽን ካለ ወይም ታካሚዋ እምቢ ካለች ሁሉም ይቀራል።

ብሎኩ የሚያልቅበት ሰዓት

ስለ ብሎክ ሲወራ ሁሌ የሚተረከው ጅማሬው ነው። ታካሚዋ ነቅታ ፈገግ ትላለች፣ ቤተሰቧ ይደሰታል፣ ባለሙያው ይመሰገናል። ከቀኑ 9 ሰዓት የተሠራ ብሎክ 12 ሰዓት ቢቆይ የሚያልቀው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ አጃቢዋ ተኝታ፣ ነርሷ ከሌላ አልጋ ላይ ሳለች። ሕመሙ ቀስ ብሎ አይመጣም፤ እንደ ተከፈተ በር ድንገት ይገባል። ሲደነዝዝ የነበረው አካባቢ መንዘር ሲጀምር ያ ምልክቱ ነው። ለዚህ ነው «አሁን አያመኝም» ብላ የ4 ሰዓቱን ማስታገሻ ያልዋጠችው ታካሚ ሌሊት የምትሰቃየው። ማስታገሻው የሚዋጠው ብሎኩ እየሠራ ሳለ ነው።

ሌሊት ሕመሙ ከተባባሰ ከማስታገሻ በፊት አንድ ነገር ይታይ፦ ፊኛዋ ሞልቶ ይሆን? የተወጠረ ፊኛ ከስፌቱ በላይ ድንጋይ የተጫነ ያስመስላል፤ ሽንት ሲወጣ ሕመሙ አብሮ ይወጣል። ሆዷ እየተነፋ፣ ልቧ እየፈጠነ፣ ፊቷ እየነጣ ከሄደ ግን ነገሩ የብሎክ ማለቅ አይደለም። ያኔ ማስታገሻ ጨምሮ መተኛት ሳይሆን ቀዶ ሐኪሙን መቀስቀስ ነው።